«ነቀርሳ»፤ አንድ ቃል ለሁለት ደዌ

አንድ ቃል ሁለት ደዌ ሲሸከም ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም። ለዚህ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ዛሬ «ቲቢ» የምንለው ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ «የጡት ነቀርሳ»፣ «የአፍ ነቀርሳ» ሲባል ግን ካንሰር ነው። ሁለቱም በአንገት ላይ እብጠት ሊያወጡ ስለሚችሉ በአንድ ስም መጠራታቸው አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ ዕውቀቱ ተለየ። ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 አገኘ፤ ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ከተገኘ ወዲህም ቲቢ በመድኀኒት የሚድን ደዌ ሆነ። ካንሰር ግን የራስ አካል ሕዋሳት ከሥርዐት ወጥተው መራባታቸው ነው፤ ስሙም የጥንት ግሪኮች እብጠቱን በሸርጣን ከመመሰላቸው የመነጨ ነው። ዕውቀቱ ሲለያይ የእኛ ቃል ግን እንደ ተጣመረ ቀረ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የምላስ ቁስል ይዞ ከሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ለሕክምና የሚሄድ ሰው እናስብ። «ነቀርሳ ነው» ቢሉት የቲቢ ኪኒን ይጠብቃል፤ ሐኪሙ ግን የሚነግረው ስለ ቀዶ ጥገና ነው። ቤተ ሰቡም «ይተላለፍብናል» በማለት ኩባያውን ይለይበታል፤ ካንሰር ግን በኩባያም በጉርሻም አይተላለፍም።

«ቀዶ ጥገና» ከ«ቀደደ» እና ከ«ጠገነ» የተገኘ ሲሆን፣ ቀዶው የሰዓታት፣ ጥገናው ግን የወራት ሥራ ነው። በሽተኛው አስቀድሞ ትምባሆና መጠጥ ይተዋል፤ ጥርሱን ይታያል፤ በምግብ ሰውነቱን ያጠነክራል፤ ከምላሱ ወይም ከመንጋጋው ምን ያህል እንደሚወሰድ ጠይቆ ይረዳል። ለጊዜው መናገር ስለሚሳነው በጽሕፈት ወይም በምልክት መግባቢያ ያዘጋጃል። ከቀዶው በኋላ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ይመገብ ይሆናል፤ ቀጥሎም ሐኪሙ ሲፈቅድ አጥሚትና እርጎ እየቀመሰ መዋጥን እንደ ገና ይማራል። ንግግሩም እንዲሁ ነው፤ ከምላሱ ጫፍ የተቈረጠበት ሰው «በ»ንና «መ»ን በከንፈሩ ሲናገር፣ «ተ»፣ «ጠ» እና «ለ» ብዙ ልምምድ ይጠይቁታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከማእድ የሚለየው ሳይሆን አብሮት የሚቀመጥ ዘመድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ነቀርሳ»ን ሲፈቱ ሁለቱን ትርጕሞች በቁጥር ለይተው ማስቀመጥ፣ የትኛው ተላላፊ እንደ ሆነም መግለጽ ይገባቸዋል። በሕክምና ጽሑፍ ደግሞ ለአንደኛው «ቲቢ»፣ ለሁለተኛው «ካንሰር» ማለት ይበጃል። ሁለቱም የውሰት ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን በሽተኛውን ከማሳሳት ከባዕድ ቋንቋ መዋስ ይሻላል።