የምድር ማሚቶ፦ ከዓባይ ገደል እስከ ኦጋዴን

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ የምድር ታሪክ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ ያገኘዋል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጄሶ፣ በመጨረሻም ወደ ወንዙ ግድም የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፎ ይታያል። ይህን የታችኛውን ጠበብት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ብለውታል።

ይኸው ድንጋይ በኦጋዴን እጅግ በጠለቀ ስፍራ ተቀብሮ ይገኛል። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውኃ፣ ዘይት ወይም ጋዝ ሊይዙ ይችላሉ። በእኛ አገር ዓባይ ቆርጦ ያሳየውን በዚያ ማን ያየዋል? «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንዲሉ፣ ምድር የሸሸገችውን የሚያወጣው ድምፅ ሆነ።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ድማሚት ይፈነዳል፤ ወይም ከባድ መኪና ምድሩን ይነቀንቃል። ሞገዱ ወርዶ ከየንጣፉ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ፣ በመሬት ላይ የተደረደሩ መሣሪያዎች ይመዘግቡታል። ይህ ብልሃት በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ተፈተነ።

በአገራችን በ1945 እ.ኤ.አ. ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ተቀብሎ በኦጋዴን ዘይት ፈለገ፤ ነገር ግን ለገበያ የሚበቃ ሳያገኝ ሄደ። በ1973 እ.ኤ.አ. ቴኔኮ የተባለው ሌላ ኩባንያ በካሉብ ጋዝ አገኘ። በ1980ዎቹም የሶቭየት ኅብረት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ።

ካሉብ በተገኘበት ዘመን ጠበብት በሌላው ዓለም አንድ ነገር አስተውለው ነበር፤ ይኸውም ጋዝ ያለበት አሸዋ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ማሚቶ መስጠቱ ነው። ጋዝ በቀላሉ ስለሚታመቅ በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ይዘገያል። ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሁለተኛው ሞገድ ግን እምብዛም አይለወጥም። ሁለቱን በማነጻጸር በቀዳዳው ያለው ምን እንደሆነ ይገመታል።

ሆኖም ጥቂት ጋዝም ድምፁን እንደ ብዙ ጋዝ ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ ማሚቶው «ጋዝ አለ» ቢል እንኳ «ይህን ያህል ነው» አይልም፤ ቁርጡን የሚናገረው የጉድጓዱ መሰርሰሪያ ነው። በደጋችን ደግሞ ወፍራሙ ጥቁር ድንጋይ ሞገዱን ስለሚበትነው፣ ከሥሩ ያለውን መስማት ይበልጥ ያስቸግራል።

እንግዲህ የዘይት ወሬ በተሰማ ቁጥር ከመሰርሰሪያው ቀድመን እልል አንበል፤ ተስፋም አንቁረጥ። እኛ የጎጃም ተማሪዎች የድንጋዩን መጽሐፍ በደጃችን ይዘናልና፣ ሒሳብንና ፊዚክስን ተምረን የምድርን ማሚቶ ራሳችን ለመተርጎም እንትጋ።