ሻምፒዮኑ የት ሜዳ ላይ ይለይ?

ስለ ፕሪምየር ሊጋችን አካሄድ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ሁሉም ሰው ነገሩ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረ ይመስለዋል። ክለቦች በሙሉ ወደ አንድ ከተማ ተጠርተው፣ እዚያው ሆቴል ይዘው፣ እዚያው ተጫውተው፣ ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ የሚዞሩበት አሠራር ቴሌቪዥን ያመጣብን መዘዝ ነው ይባላል። አይደለም፤ አሮጌ ነው። አዲሱ ነገር ደርሶ መልሱ ነበር። እሱም እኛ ወልድያ ድረስ የመጣው ለሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን፣ እና በ1928 የተመሠረተው የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን የእንግሊዙ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ወሰደ። አምስቱም አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ሜዳ በእግሩ ይደርሳል። ስሙ ግን የአገር ሻምፒዮና ነበር። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ከተማው ውስጥ ያሉ ማኅበረሰቦች ባይጀምሩት ኖሮ ክፍለ ሀገሩም የሚገባበት በር አያገኝም ነበር።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት መንገድ ያላቸው ናቸው። ድሬዳዋ ባቡር ነበራት፣ ፋብሪካም ነበራት፤ ኮተን የሚባለው የጨርቃ ጨርቁ ክለብ በ1950ዎቹ ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። ከዚያ ተራው የአስመራ ሆነ፤ ቴሌ፣ አስመራ፣ እምባሶይራ እየተቀባበሉ ከ1961 እስከ 1966 ባለው ጊዜ ለጊዮርጊስ የተረፈው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አካሄዱ ግን ሊግ አልነበረም። እያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት በየራሱ ተጫውቶ አሸናፊውን ይልካል፤ የተላኩት ማጠቃለያ በሚባለው ውድድር አንድ ቦታ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለያሉ። የተሸነፈ ዕቃውን ሸክፎ ይመለሳል።

ይህ መሰላል እኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ወጥቼበታለሁ፣ የስፖርት መምህር ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ልጆች አውጥቼበታለሁ። የመርሳ ልጅ ሃብሩን ወክሎ ወልድያ ይመጣል፤ ወልድያ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ስለነበረች የአውራጃው ጨዋታ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከየጁ ያለፈ ደሴ ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ከሌሎቹ አውራጃዎች ጋር ተጋጥሞ ወሎ ይሆናል። ወሎ ከሆነ በኋላ ነው አዲስ አበባ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ከመርሳ ወልድያ የምንሄደው በኤን ትሬ ጭነት መኪና፣ ማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሸራ ጫማ ያለው በእግሩ አያደርገውም፤ እንዳያልቅበት አንገቱ ላይ አስሮ ሜዳ ሲደርስ ያጠልቀዋል። ጨዋታው እኩል ለእኩል ካለቀ ዳኛው ሳንቲም ያወጣል። ዘውድም ጎፈርም አይቶ የሄደ ቡድን ነበር፤ ሳንቲሙ መሬት እስኪደርስ ሁለቱም ወገን ትንፋሹን ውጦ ነው የሚጠብቀው፣ ከዚያ አንዱ ይዘላል፣ ሌላው አፈር ላይ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ልጅ በሳንቲም ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየ ሰው፣ ማጠቃለያ ውድድር ልብ አንጠልጣይ ነው የሚሉትን የቴሌቪዥን ተንታኞች ሲሰማ ትንሽ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልብ አንጠልጣይስ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ደርግ ሲመጣ ክለቦቹን በታተናቸውና በመሥሪያ ቤት፣ በጦር ክፍልና በከፍተኛ አዋቀራቸው። የሻምፒዮኖቹን ዝርዝር ስታነቡ ዘመኑ ራሱ ይናገራል፤ ኦሜድላ፣ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን። የአካሄዱ ፍሬ ነገር ግን ብዙም አልተነካም።

ትልቁ ለውጥ በ1990 ዓ.ም. መጣ። ፕሪምየር ሊግ ተባለ፤ እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሜዳው አንዴ ከሜዳው ውጪ ይጫወት ተባለ። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ያኔም ክርክር ነበር፤ የሚሟገቱት ግን ከዛሬው በተቃራኒ ነው። ክለቡ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል መንገድ ለመንገድ እንዴት ይዞራል፣ አበሉን ማን ይችለዋል፣ ክልል ላይ ዳኛ እንዴት ደፍሮ ያፏጫል ይሉ ነበር። ክርክሩ ሳይፈታ ሊጉ ሄደ። በ1996 እና በ1999 ሐዋሳ ከተማ ሻምፒዮን ሲሆን ግን ነገሩ ለብዙዎቻችን የገባን ይመስለኛል። ደርሶ መልስ የከተማን ሕዝብ ተጫዋች ያደርገዋል። በሜዳው የማይሸነፍ ክለብ፣ ሀብታም ባይሆንም፣ ዓመቱን ይዘልቃል።

የወልድያ ተራ በ2006 ደረሰ። ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ብሔራዊ ሊግ በዚያን ጊዜ የሚያልቀው በማጠቃለያ ውድድር ነበር፤ ስለዚህ ክለባችን ከአዳማ ከተማ ጋር ወደ ላይ የወጣው በዚያው በአሮጌው መሰላል ነው። በ2007 አንድ ዓመት ቆይቶ ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ወረደ። ሊጉ ከ14 ወደ 16 ክለብ ሲሰፋ በ2009 ከፋሲል፣ ከጅማ አባ ቡናና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር 6 ቀን ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ በስማቸው የሚጠራውን፣ ከ25,000 በላይ ሰው የሚይዘውን ስታዲየም ለከተማዋ አስረከቡ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስታዲየም ክልል ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር።

የጨዋታ ቀን ወልድያን ማየት ነበር። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከጎብዬ፣ ከቆቦ ሚኒባሱ ከጧት ጀምሮ ይጭናል፤ ረዳቱ የከተማ ስም መጥራት ትቶ «ስታዲየም! ስታዲየም!» ይላል። የመርሳ ብርቱካን በላስቲክ ታስሮ በር ላይ ይሸጣል። አልጋ አይገኝም። ዕድሜ ልካቸውን ኳስ አይተው የማያውቁ እናቶች ቆሎ ሊሸጡ መጥተው ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የመስመር ዳኛውን ስም ለይተው መሳደብ ይጀምራሉ። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን፣ በሬዲዮ ብቻ የምናውቃቸው ጊዮርጊስና ቡና እኛ ከተማ መጥተው ሲያሟሙቁ አየናቸው። ደርሶ መልስ ማለት ለኛ ይህ ነው።

ማር ብቻ አልነበረም። በ2010 ኅዳር ከመቐለ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ከተማዋ ውስጥ በተነሳ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ፤ የደረሰው ጉዳት ዛሬም ሲነሳ የሚከብድ ነው። ፖለቲካው ሜዳ ገባ፤ የሊጉ መርሐ ግብር የሰላም ጥያቄ ሆነ፤ ገለልተኛ ሜዳ የሚለው ቃል የዘወትር ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ወልድያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ኢትዮ ኤሌክትሪክ ማለት ያው የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ገና ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ዋንጫ በላ። ማጠቃለያ ሳይኖረውም ሊግ እስከ መጨረሻው ቀን ልብ ማንጠልጠል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። ክለቦቹ ያቋቋሙት የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። በ2013 ውድድሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ብቻ ተካሄደ። በሽታው አለ፣ ካሜራውን በየሳምንቱ በየከተማው ማዞር አይቻልም፣ ጸጥታውም ያሰጋል፤ ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነበር። ፋሲል ከነማ በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረገም። የጎንደር ሰው ሻምፒዮንነቱን እንደኔ በቴሌቪዥን አየ። ኮሮናው ሄደ፤ አካሄዱ ግን እዚሁ ቀረ።

የእኅቴ ልጅ አሜሪካ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ይህን የሊጋችንን ክርክር ስነግረው «ጋሼ፣ እዚህም በቤዝቦል የተነሳ ሰው ይጣላል» አለኝ። በሱ ምክንያት የማላየውን ጨዋታ ታሪክ ተማርኩ። እስከ 1968 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሁለቱ ሊጎች አንደኞች ብቻ በቀጥታ ለዋንጫ ይገናኙ ነበር፤ ቆይቶ ሁለተኛ የወጣም ይግባ ተባለ፤ በ2022 ወደ ማጠቃለያው የሚያልፉት 12 ደረሱ። አሮጌ ደጋፊ እንግዲህ ይጮኻል፤ ስድስት ወር መጫወቱ ለምኑ ነው ይላል። በ2023 ደግሞ ሰዓት አስገቡ፤ በዚያ ዓመት ሕግ ወርዋሪው ውርወራውን በ15 ሰከንድ፣ ሯጭ ካለ በ20 ሰከንድ ውስጥ መጀመር ነበረበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጨዋታ ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወረደ። «ወደዱት?» አልኩት። «መጀመሪያ ሰደቡት፣ አሁን ረስተውታል» አለኝ።

እኛም ሰዓት የሌለው ጨዋታ ነበረን። ገና። ታኅሣሥ 29 ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ማሽላው በተነሳበት ቃርሚያ ላይ፣ የላይኛው ሰፈርና የታችኛው ሰፈር ጫፉ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ያሯሩጣል። የተጫዋች ቁጥር የለም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ዳኛ የለም። በዚያን ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም፤ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ባላባት አንክሶ ዝም ይላል፣ ማታ ደግሞ አሸናፊው በግጥም ሲሰድበው ይሰማል። የሚያልቀው ዓይን ሩሯን ማየት ሲያቅተው ነው። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን በዓመታዊ ውድድሩ ሲያስገባ በሰዓትና በቁጥር ወሰነው፤ አንዳንድ ሽማግሌ ይህ ገና አይደለም ብሎ ተቆጥቷል። እኔ አልተቆጣሁም። ከክልል ክልል መጥቶ የሚወዳደር ቡድን እስኪመሽ ተጫወት ሊባል አይችልም፤ ሰፈር ያለው ገና ደግሞ ማንም አልከለከለውም።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አንድ ነገር ልመስክር። ደርሶ መልስ በነበረ ጊዜ በየከተማው ባለሜዳው ሲመራ ኳስ አቀባዮቹ ልጆች የት እንደሚገቡ አይታወቅም ነበር። ግብ ጠባቂው ይተኛል፣ ወጌሻው ይሮጣል፣ ጭማሪው ሦስት ደቂቃ ነው። አሁን ሜዳው የማንም ስላልሆነ ያ ቀንሷል። ኳስ ከስምንት ሰከንድ በላይ የያዘ ግብ ጠባቂ ማዕዘን ምት ይሰጥበታል የሚለው የ2025ቱ የዓለም ሕግም ይረዳል። ቢሆንም ልጅ ኳስ ደበቀ ተብሎ ከተማ ጨዋታ አይነፈግም፤ ዳኛው ደቂቃውን ይጨምር።

የኔ አቋም ይኸው ነው። ማጠቃለያ ውድድር ከታች ለሚወጡ ክለቦች ይቆይ፤ አሮጌ መሰላል ነው፣ እኛንም አውጥቶናል። ዋናው ሊግ ግን ወደ ደርሶ መልስ ይመለስ። በአንድ ዓመት ሁሉም አይቻልም ከተባለ፣ ሰላም ያለበትና ሜዳው ብቁ የሆነ ከተማ ሁለተኛውን ዙር በቤቱ ይጫወት፤ ካሜራው በየሳምንቱ ለሁለት ጨዋታ ብቻ ይሂድ፣ ለሌላው ሬዲዮ ይበቃል። የሊጉ ኃላፊዎች መርሐ ግብር ለማውጣት ስትቀመጡ የቴሌቪዥኑን ሰው ብቻ ሳይሆን በየከተማው ትኬት የሚቆርጠውን ደጋፊም ጥሩትና ጠይቁት።