«ራጅ» እና «ፖላር»፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

በጎሬም ሆነ በመቱ «ራጅ ተነሣሁ» የሚል ሕመምተኛ በጣሊያንኛ «ጨረሮች» ማለት የሆነ ቃል መናገሩን ልብ አይለውም። ቃሉ ሐኪም ቤትን ብቻ ስለሚያስታውሰው «ራጅ የሚረጭ ኮከብ» ቢባል ይደነቅ ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. በኬንያ ጠረፍ አጠገብ በባሕር ላይ ከቆመው ሳን ማርኮ ከተባለው የጣሊያን መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት መጠቀች፤ ስሟም በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት የሆነው «ኡሁሩ» ነው። ከመዘገበቻቸው የራጅ ምንጮች አንዱ ኤ ኤም ሄርኩሊስ የተባለው ጥንድ ኮከብ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1976 ታወቀ። ከጥንዱ አንዱ ነጭ ድንክ ነው፤ ከጓደኛው የሚስበው ጋዝ በብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ተመርቶ በዋልታው ላይ ሲወድቅ በብዙ ሚሊዮን ዲግሪ ግሎ ራጅ ይረጫል። የብርሃኑም ሞገድ በተወሰነ ሥርዓት የሚወዛወዝ፣ ማለትም ፖላራይዝድ ሆኖ ስለተገኘ ወገኑ «ፖላር» ተባለ።

እንግዲህ «ዋልታዊ» ብሎ የሚተረጉም ይስታል፤ ስያሜው የወጣው ከዋልታው ሳይሆን ከብርሃኑ ጠባይ ነውና። ጋዙ በዋልታ ላይ መውደቁም ስሕተቱን እውነት ያስመስለዋል። ስለዚህ «ፖላር» እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል፤ «ራጅ»ም እንዲሁ ተወስዶ የእኛ ሆኗል።