ጎመንዘር፤ ከምጣድ ማሰሻ እስከ አይሮፕላን ነዳጅ

እናቶቻችን እንጀራ ለመጋገር ምጣድ በሚጥዱበት ጊዜ፤ አስቀድሞ ጥቂት የጎመንዘር ፍሬ ወቅጠው ምጣዱን በርሱ ማሰስ የቆየ ልማዳቸው ነው። ፍሬው በግለቱ ቅባቱን ይለቃል፤ ምጣዱም ይለሰልሳል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ይህን ሥራ በልጅነቱ ያላየ ሰው ከመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ነገር ግን ይኸው የምጣድ ማሰሻ አይሮፕላን ውቅያኖስ ለማሻገር መዋሉን የሰማ ጥቂት ሰው ነው። የዛሬው ንግግራችን የዚህን ፍሬ ታሪክ የሚመለከት ነው፤ ታሪኩም ከቦንጋና ከከፋ ደን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወደ መጨረሻው እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ አይሮፕላኑ ጥቂት እንበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የተጀመረባቸው አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታዎች ነበሩ፤ መንገደኞች በግራና በቀኝ በተዘረጉ አግዳሚዎች ሲቀመጡ፤ ጭነቱ ከመካከል ይታሰር ነበር። በ1955 ዓ.ም. የጄት አይሮፕላኖች አገልግሎት ጀመሩ። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ደግሞ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ አስቀድሞ ድሪምላይነር የተባለውን አይሮፕላን የተረከበ ይኸው አየር መንገዳችን ነው። የዚህ አይሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ ከብረታ ብረት ሳይሆን ከካርቦን ክርና ከሙጫ ከተዋሐደ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ፤ ከርሱ በፊት ከነበሩት አቻዎቹ አንድ አምስተኛ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል።

ነዳጅ መቆጠብ ገንዘብን ማዳን ብቻ አይደለም። ጄት የሚያነደው ነዳጅ በፋኖስ ከምናውቀው ነጭ ጋዝ ወገን ነው። አንድ ኪሎ ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንዱ ኪሎ ከሦስት በላይ እንዴት ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁ፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን በሚነድበት ጊዜ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ስለሚዋሐድ ነው። ይህም ጋዝ በሰማይ እየተከማቸ የምድርን ሙቀት ያግዳል። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከመቶ 2.5 ያህሉ የሚመጣው ከአይሮፕላን ነው። ቍጥሩ ትንሽ ቢመስልም መድኃኒቱ ከሌላው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ አውቶሞቢልን በኤሌክትሪክ መንዳት ተችሏል፤ ውቅያኖስ የሚያሻግር ባትሪ ግን ከክብደቱ የተነሣ አይሮፕላኑን ከምድር አያስነሣውም።

በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ላይ አገራችን ከተካፈሉት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ከዚያ ጉባኤ የተወለደው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ባደረገው ጠቅላላ ስብሰባ፤ የዓለም አቀፍ በረራዎች የካርቦን ሒሳብ እስከ 2050 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ተመጣጥኖ ዜሮ እንዲሆን ግብ አኑሯል። ለዚህም ከቀላል አይሮፕላንና ከተሻለ ሞተር በተጨማሪ ነዳጁን ራሱን መለወጥ ግድ ሆነ።

ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ ቅባት እህል ያዞሩት ስለዚህ ነው። ተክል ሲያድግ ካርቦኑን ከአየር ይስባል፤ ከፍሬው የተጨመቀው ዘይት በፋብሪካ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ሲጣራ ከነጭ ጋዝ የማይለይ ነዳጅ ይወጣዋል። ይህ ነዳጅ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን እንደ ሌላው ነዳጅ ነው፤ ልዩነቱ ካርቦኑ ከከርሠ ምድር የተቈፈረ ሳይሆን በቅርቡ ከአየር የተወሰደ መሆኑ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ብንናገር፤ ብድሩ አስቀድሞ ተከፍሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎመንዘር እንመለስ። በ1927 ዓ.ም. በጃፓን ይሠራ የነበረ ናጋሃሩ ኡ የተባለ ሊቅ፤ ይህ ተክል ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ድቅልነት የተገኘ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አወጣ። መኖሪያ አገሩም የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ቅጠሉ ለወጥ፤ ፍሬው ለማሰሻ፤ ለመድኃኒትም ሲያገለግል ኖሯል። የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንትም የሎ ዶዶላን የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዘሮች አውጥተውለታል። ከዘይቱ ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ኢሩሲክ የተባለው አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ ሲበዛ ለምግብ ዘይትነት አይመረጥም፤ ለነዳጅ ግን የሚስማማ ነው። ስለዚህ ለማጀት ጕድለት የሆነው ለፋብሪካ መልካም ጠባይ ሆኖ ተገኘ።

ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. በካናዳ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት አንድ አነስተኛ ጄት፤ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፤ ሌላ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት በኦታዋ ሰማይ በረረ። ሌላ አይሮፕላን ከኋላው ተከትሎ ጭሱን መረመረ፤ የጥቀርሻው ብናኝ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአውስትራልያ አየር መንገድ የሆነው ቃንታስ፤ ከነዳጁ ከመቶ አሥር እጁ ከጎመንዘር የተሠራ ሆኖ፤ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን መንገደኞችን አጓጓዘ። ያን ቀን የበረረው አይሮፕላን ድሪምላይነር ነበር። አይሮፕላኑን ከአፍሪካ አስቀድመን የያዝን እኛ፤ ተክሉም የእኛ፤ በረራው ግን የሌላ ሆነ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ቦንጋ ወደ ነገሩ የምትገባው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ያለችበት የከፋ ምድር፤ ቡና ሰው ሳይተክለው በጫካ የሚበቅልበት ነው። ያ ቡና ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመን ወደ ጃቫ፤ በ1719 ዓ.ም. ደግሞ ብራዚል ደረሰ። በ1745 ዓ.ም. የስዊድኑ ሊቅ ሊንየስ ለተክሎች ስም ሲያወጣ ቡናችንን ዐረቢካ አለው፤ የትውልድ አገሩ ሳይሆን ያለፈበት አገር ስሙን ወሰደ። ጎመንዘርን እንግሊዞች እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ይሉታል፤ የነዳጅ ነጋዴዎች ግን አሁን በላቲን ስሙ ካሪናታ ብቻ ማለትን መርጠዋል። በኡራጓይና በደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች ገበሬዎች ከሁለት ዋና አዝመራ መካከል ባለው ጊዜ ይዘሩታል። በከፋ ግን ጎመን ከእንሰቱ አጠገብ በጓሮ እንደ ቆመ ነው።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ጕዳይ ደኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ የሆነውን የከፋ ምድር በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል። በዚህ ደን ግንድና አፈር ውስጥ ብዙ ካርቦን ተከማችቷል። እንግዲህ አንድ ሰው ለአይሮፕላን ነዳጅ አለማለሁ ብሎ ደኑን መንጥሮ ጎመንዘር ቢዘራ፤ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው ካርቦን ለዓሥርት ዓመታት ከሚገኘው ነዳጅ ትርፍ ይበልጣል። ገቢውን ጽፎ ወጪውን የሸሸገ መዝገብ ማለት ይህ ነው። ከላይ የጠቀስነው ዓለም አቀፍ ድርጅትም ይህን ዐውቆ፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ወዲህ ጥንታዊ ደን ተመንጥሮ በታረሰ መሬት ላይ የበቀለ ነዳጅ በካርቦን ማካካሻ ደንቡ እንዳይቈጠር ከልክሏል። ማዳበሪያው፤ ትራክተሩና ማጣሪያውም የየራሳቸው ወጪ ስላላቸው፤ ከጎመንዘር የተገኘ ነዳጅ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መናገር ስሕተት ይሆናል። ይጠቅም የሚሆነው ቀድሞ በታረሰ ማሳ፤ የእህሉን ቦታ ሳይነጥቅ፤ በአዝመራ መካከል ሲዘራ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በመዝገብና በደብዳቤ ሥራ ላይ ያለነውን እኛን በቅርብ ይመለከተናል። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትን፤ የማኅበረሰብ ዕውቀትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚጠብቅ ዐዋጅ ቍጥር 482 አውጥታለች። ጎመንዘር ወደ ውጭ የምርምር ጣቢያዎች የገባው ከዚያ በፊት ስለ ሆነ፤ የሄደውን ዘር ወደ ኋላ መጥራት አይቻልም። ሆኖም በደጋው ጓሮዎች ገና ያልተመረመሩ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ነገ የነዚህን ዘር የሚጠይቅ ማመልከቻ ከአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፤ ማመልከቻውን የምናየው እንደ ጓሮ ጎመን ይሆን ወይስ እንደ አገር ሀብት? የከፋ ደን ከሚቈረጥበት ዕቅድ ጋር ሲቀርብስ፤ የማን ፊርማ ያግደዋል?

ቡና ከከፋ ሲወጣ የሚጽፍለት ሰው አልነበረም። ጎመንዘር ግን ጸሐፊ አለው፤ ሕግም አለው። እናቶቻችን ምጣዱን ያሰሱት እንጀራው ሳያርር እንዲነሣ ነው፤ እኛም ፍሬው አይሮፕላን ሲያስነሣ ደኑ እንዳያርር መጠበቅ ይገባናል።