የፕሬዚዳንቱ የመጨረሻ ጥርስ፦ ሙሉ ጥርስ ከማስተከላችሁ በፊት ይህን ታሪክ እወቁ



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «የአባቴ ጥርሶች ግማሾቹ ወልቀዋል፣ የቀሩትም ይነቃነቃሉ። ወንድሜ ከውጭ ገንዘብ ሊልክ ነው። ሁሉም ተነቅሎ በአንድ ቀን በአራት ብሎን ሙሉ ጥርስ ይተከላል ተባልን። እናስተክለው ወይ?» የሚል ነው።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ጥርስ የሚተክለው የጥርስ ሐኪም ነው። ነገር ግን ዛሬ የሚቀርቡላችሁ አማራጮች እያንዳንዳቸው አንድ የቆየ ችግር ለመፍታት የመጡ ናቸው። የመጡበትን መንገድ ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላችኋል።

🦷 አንዲት ጥርስ የያዘችው

ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በአፋቸው የቀረችው የራሳቸው ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው የእንጨት ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ስህተት ነው። ከጉማሬ ጥርስ የተፈለፈለ፣ የሰው ጥርስ የተሰካበት፣ የላይኛውና የታችኛው በስፕሪንግ የተያያዘ ነበር።

የጥርስ ሐኪማቸው ጆን ግሪንዉድ ያችን አንዲት ጥርስ አልነቀላትም። በታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በእሷ ላይ አጠለቀው። የሚይዘው ነገር አስፈልጎት ነበርና! ከዚያ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሙሉ ጥርስ ታሪክ የዚህ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ ጥርሱን ምን ይይዘዋል?

🦷 ድድ ላይ የሚቀመጠው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጠነከረ ጎማ በድድ ቅርጽ ልክ እየተቀረጸ ሰው ሠራሽ ጥርስ በርካሽ መሠራት ጀመረ። ከ1930ዎቹ ወዲህ ጎማውን አክሪሊክ ተካው። ዛሬም ማታ ወልቆ የሚታጠበው የተለመደው ጥርስ ይኸው ነው።

የላይኛው ላንቃ ላይ ስለሚጣበቅ ብዙ ጊዜ ደህና ይቀመጣል። አስቸጋሪው የታችኛው ነው። ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ከዓመት ዓመትም እየሟሸሸ ይሄዳል። እናታችሁ «ድሮ ልክ ነበር፣ አሁን እየሰፋኝ ነው» ካሏችሁ፣ የሰፋው ጥርሱ ሳይሆን የጠበበው አጥንታቸው ነው።

🦷 ጥንቸሏና ብሎኑ

በ1952 ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ አጥንት እንዴት እንደሚድን ለማየት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከታይታኒየም የተሠራ መመልከቻ አስገባ። ጥናቱ ሲያልቅ ሊያወጣው ቢሞክር አልወጣም። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ አከመ። ጎስታ ላርሰን ይባላል፤ ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው ችግር ነበረበት። በታችኛው መንጋጋው አራት የታይታኒየም ብሎኖች ተተከሉለት። በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አገለገሉት።

በዚያ ዘመን የነበረው ሕግ ትዕግሥት ነበር። ብሎኑ ተተክሎ ድዱ ይሰፋል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፣ ጥርሱ የሚገጠመው አጥንቱ ብረቱን ከያዘ በኋላ ነው። ሐሳቡን ሌሎች ሐኪሞች በሰፊው የተቀበሉት በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ ነው።

🦷 ሁለት፣ አራት ወይስ ስድስት?

▪️ ሁለት ብሎን፦ በ2002 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ የታችኛው መንጋጋው ጥርስ አልባ ለሆነ ሰው መነሻው አማራጭ በሁለት ኢምፕላንት ላይ እንደ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚገጠም ጥርስ ይሁን አሉ። ማታ ይወልቃል፣ ለማጽዳት ይመቻል፣ ወጪውም ያንሳል። ማስታወቂያ ላይ ብዙም አታዩትም፤ ለብዙ አረጋውያን ግን ይበቃል።

▪️ አራት ብሎን፦ ኦል-ኦን-ፎር የሚባለው ነው። ፖርቹጋላዊው የጥርስ ሐኪም ፓውሎ ማሎ በ2003 ውጤቱን አሳተመ። ሁለቱ ብሎኖች ፊት ለፊት ቀጥ ብለው፣ ሁለቱ የኋላዎቹ ጋደል ብለው ይገባሉ። ምክንያቱም የኋላው አጥንት ብዙ ጊዜ ሟሽቷል፤ ከላይ የሳይነስ ክፍተት፣ ከታች ደግሞ ነርቭ አለ። ማጋደሉ እነሱን አልፎ አጥንት ከመጨመር ቀዶ ሕክምና ብዙዎችን ያድናል። ብሎኖቹ ጠንክረው ከያዙ በዚያው ቀን የሚገጠመው ጥርስ ግን ጊዜያዊ ነው። ቋሚው ከወራት በኋላ ይመጣል።

▪️ ስድስትና ከዚያ በላይ፦ በቂ አጥንት ላለው ሰው ነው። አንዱ ብሎን ቢከሽፍ ሸክሙን የሚጋሩ ሌሎች አሉ። በአራት ላይ ግን አንዱ ከሄደ ሥራው እንደገና ሊጀመር ይችላል።

የጥርሱ ቁስም ሌላ ምርጫ ነው። አክሪሊክ ይቀላል፣ ቢሰበር ይጠገናል፣ ግን ያልቃል። ዚርኮኒያ ጠንካራና ውብ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል፣ ከተሰነጠቀ ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራል።

✅ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ

1. ከቀሩት ጥርሶች የሚድን የለም? የተነቀለ ጥርስ አይመለስም። ግሪንዉድ አንዲቷን እንኳ አልናቃትም። ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም።
2. አጥንቱ በሲቲ ስካን ታይቷል?
3. የተነገረን ዋጋ ቋሚውን ጥርስ ይጨምራል ወይስ ጊዜያዊውን ብቻ?
4. ብሎኑ ቢላላ ማን ያጠብቀዋል? ለሦስት ሳምንት ሌላ አገር ሄዳችሁ የምታስተክሉ ከሆነ ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። የኢምፕላንቱን ዓይነትና መጠን የያዘ ጽሑፍ ሳትቀበሉ አትውጡ።
5. ማን ያጸዳዋል? የማይወልቅ ጥርስ ከሥሩ በየቀኑ መጽዳት አለበት። አለበለዚያ ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱ ይበላል። የአባታችሁ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚወልቀው ሊሻላቸው ይችላል።

እኔን የሚመለከተኝ ደግሞ ይህ ነው። ስኳር ካለባችሁ አስቀድሞ ይስተካከል። ሲጋራ አቁሙ፤ አጥንቱ ብሎኑን እንዳይዝ ያደርጋል። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ወይም መንጋጋችሁ አካባቢ የጨረር ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ተናገሩ። የደም ማቅጠኛም የምትወስዱ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ልጆች መልሴ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት አባታችሁን ራሳቸውን ጠይቁ። ምን መብላት ናፈቃቸው? ማታ አውልቀው ማጠብ ይከብዳቸዋል? ለወራት ሕክምና ይመላለሳሉ? የብሎኑ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ወላጆቹን ጥርስ ሊያስተክል ላሰበ ሰውም አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!