መሰላሉ ያጠረበት ሙያ፤ የጎንደር ጤና መኮንኖችና የሥራ ምርጫቸው

በአገራችን የሕዝብ ጤና አገልግሎት ታሪክ በተወሳ ቁጥር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ስም አስቀድሞ መነሣቱ የተለመደ ነው። በ1945/46 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. በመንግሥት፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የፖይንት ፎር ርዳታ ትብብር ተቋቋመ። ስለ ምሥረታው ብዙ የተባለ በመሆኑ እዚህ ላይ አናተትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በባልደረቦች ጨዋታ መካከል ዘወትር የሚነሣውን አንድ ጉዳይ መመልከት ነው፤ ይኸውም ጤና መኮንኖቹ የዕድገት በር ሲጠብባቸው የትኛውን መንገድ መረጡ፣ ምርጫቸውስ በሙያው ላይ ምን አስከተለ የሚለው ነው።

ጤና መኮንኑ የሦስት ዓመት ትምህርትና የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ፈጽሞ ሲመረቅ፣ ከማኅበረሰብ ነርስና ከሳኒታሪያን ጋር በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ ነበር። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ የጣቢያው ኃላፊ ጤና መኮንኑ ነበር። በሽተኛ ይመረምራል፤ ክትባት ያስተባብራል፤ ወረርሽኝ ይከታተላል፤ የመድኃኒቱንና የሠራተኛውንም ጉዳይ ይይዛል። እንግዲህ ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ከሹመቱ ነው። በሌላው መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ለኃላፊነት የሚበቃው ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው፤ ጤና መኮንኑ ግን በተመደበበት ዕለት ኃላፊ ሆነ። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላው ወጣት ይህ ታላቅ ክብር ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ሰው በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ከጤና ጣቢያው በላይ ያለው የጠቅላይ ግዛት ጤና ጥበቃ ኃላፊነት በአብዛኛው ለሐኪም የተተወ ነበር። የመንግሥትን ሠራተኞች የሚያስተዳድረው ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ በኋላም በ1960ዎቹ አጋማሽ የሥራ ደረጃ ምደባ ከወጣ ወዲህ፣ ደመወዝ የሚወሰነው ለሥራ መደቡ በተሰጠው ደረጃ ሆነ። ይህ አሠራር በመሠረቱ ለፍትሕ የቀና ነው፤ ዳሩ ግን ከፍ ያለ መደብ ለሌለው ሙያ ትጋትም ሆነ ልምድ መውጫ አይሆነውም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተለያየ። ብዙዎች የመረጡት ሕክምናን ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት፣ ሐኪም ለመሆን ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ግድ መሆኑ ቀረ። በጤና ጣቢያ ዓመታት ያገለገለ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ቤተሰብ ይዞ፣ ወደ ተማሪነት መመለሱ ቀላል አልነበረም። ዋጋውን የከፈለው ግን እርሱ ብቻ አይደለም። ሐኪም ሆኖ ሲወጣ ሥራው በሆስፒታል፣ ሆስፒታሉም በከተማ ስለነበረ፣ የተወውን ጤና ጣቢያ የሚረከበው ልምድ የሌለው አዲስ ምሩቅ ነበር። ሄያጆቹን በከዳተኛነት መውቀስ ይቀናን ይሆናል፤ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ወቀሳው የሚገባው በአንድ ደረጃ ብቻ ለቆመው የሥራ መዋቅር ነው።

ሌሎች ወደ ጎን ሄዱ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት፣ የሚኒስቴሩ ልዩ ልዩ ክፍሎች፣ የማስተማር ሥራም ነበሩ። ደረጃው እምብዛም ከፍ ባይል እንኳ የሥራው ስፋት ለሰው አዲስ ጉልበት ይሰጠዋል። በጤና ጣቢያው የቀሩትም ነበሩ፤ ሕዝቡ «ዶክተር» እያለ የሚጠራቸው፣ የደመወዝ መዝገቡ ግን እንዲህ የማይላቸው።

በ1971 ዓ.ም. ጎንደር ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠናም ተቋረጠ። ብዙዎች በግል የመረጡትን ጎዳና ኮሌጁ ራሱ ተከተለው ማለት ይቻላል። ሥልጠናው ዳግመኛ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. 5,000 ጤና መኮንኖችን ለማፍራት የተፋጠነ ፕሮግራም ተነደፈ።

መሰላሉም ቀስ በቀስ ተቀጠለበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕዝብ ጤና የማስተርስ ትምህርት፣ ሐኪም ሳይሆኑ ከፍ ለማለት የሚያስችል በር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥልጠና ደግሞ ከሁሉ ይለያል፤ ጤና መኮንኑ ሙያውን ሳይለቅ፣ ሐኪም በሚያጥርበት የገጠር ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልድ አስችሎታልና።