ፊትዝሮይ፤ የመንግሥት ቤቶች ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ሜልበርን፣ ፊትዝሮይ ውስጥ በብረንዝዊክና በገርትሩድ ጎዳናዎች አጠገብ ባለ 20 ፎቅ አራት ሕንፃዎች ቆመዋል። የመጠሪያ ስማቸው አተርተን ጋርደንስ ነው፤ 800 ያህል አፓርታማዎችን ይዘዋል። ከቬትናም፣ ከቻይናና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች የአውስትራሊያ ኑሯቸውን የጀመሩት እዚህ ነው።

የቪክቶሪያ መንግሥት በሴፕቴምበር 2023 በሜልበርን የሚገኙትን 44 የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች በሙሉ እስከ 2051 አፍርሶ መልሶ ለመገንባት ማቀዱን አስታውቋል። አዲሶቹ ቤቶች በማን ገንዘብ ይሠራሉ የሚለው ጥያቄ ለሒሳብ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አከራዩ ማን እንደሚሆንና ተከራዩ ምን እንደሚከፍል በአብዛኛው የሚወስነው የገንዘቡ ምንጭ ነው።

ከብድር የተሠሩ ፎቆች

የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን የተቋቋመው በ1938 ነበር። በዚያን ዘመን ፊትዝሮይ የድኾች ሠፈር ነበረች፤ ብራዘርሁድ ኦፍ ሴይንት ሎረንስን የመሠረቱት አባ ጄራርድ ተከር የተጎሳቆሉ ቤቶች እንዲወገዱ ከወተወቱት አንዱ ነበሩ። ትልቁ ገንዘብ የመጣው ግን በ1945 የፌዴራል መንግሥቱና ክፍላተ አገራቱ ከተፈራረሙት የቤቶች ስምምነት በኋላ ነው። ካንብራ በ53 ዓመታት የሚመለስ፣ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ ብድር ሰጠች፤ ኮሚሽኑም በሆምዝግለን ፋብሪካው የሲሚንቶ ግድግዳዎችን አስቀድሞ እያመረተ ፎቆቹን ገጣጠመ። ለአተርተን ጋርደንስ ሲባል ከፈረሱት ቤቶች ሁሉም ፍርስራሽ አልነበሩም። ከመፍረስ የተረፉት መሰሎቻቸው ዛሬ ከሚሊየን ዶላር በላይ ይሸጣሉ።

ብድሩ የሚመለሰው ከኪራይ ነበር። በመጀመሪያ ተከራዮቹ ደመወዝተኛ ቤተሰቦች ስለነበሩ ሒሳቡ ያስኬድ ነበር። በኋላ ግን ቤቶቹ ይበልጡን ለከፍተኛ ችግረኞች ተሰጡ፤ ኪራዩም ከቤተሰቡ ገቢ 25 በመቶ እንዳያልፍ ተደረገ። ለተከራዩ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም ከአነስተኛ ገቢ የሚሰበሰብ ኪራይ የሚያረጁ ሕንፃዎችን አሳንሰርና ቧንቧ ለመጠገን አይበቃም። ዛሬ የሚታየው የጥገና ዕዳ አንዱ ሥር ይህ ነው።

የዛሬዎቹ ምንጮች

የቪክቶሪያ መንግሥት በኖቬምበር 2020 ከ12 ሺህ በላይ ቤቶችን ለመገንባት $5.3 ቢሊየን መድቧል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ በአጭር ጊዜ የቤት ኪራይ ላይ 7.5 በመቶ ቀረጥ ይጣላል። ለጥቂት ሌሊቶች ፊትዝሮይ ውስጥ አፓርታማ የሚከራይ ጎብኚም እንግዲህ በመንግሥት ቤቶች ወጪ ተካፋይ ሆኗል።

የፌዴራሉ ድርሻ በበርካታ መንገዶች ይመጣል። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የሚሠራበት ብሔራዊ ስምምነት ለክፍላተ አገራት ዓመታዊ ገንዘብ ያስተላልፋል። የ$10 ቢሊየኑ የአውስትራሊያ የወደፊት ቤቶች ፈንድ ግን አሠራሩ ይለያል። ዋናው ገንዘብ በመዋዕለ ንዋይ ላይ ይቆያል፤ ለቤት ሥራ የሚውለው በዓመት ቢያንስ $500 ሚሊየን ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 30 ሺህ ቤቶችን ማስገኘት ታስቦለታል። የያራ ከተማ ምክር ቤት ሚና በአብዛኛው የፕላን ጉዳይ፣ የሠፈር አገልግሎቶችና አነስተኛ የማኅበረሰብ ድጎማዎች ናቸው።

ይህ የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ለሚያውቅ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በዚያ የ20/80 ተመዝጋቢ ቆጥቦና ከባንክ ተበድሮ የቤት ባለቤት ይሆናል፤ ፊትዝሮይ ውስጥ ግን ነዋሪው ተከራይ ሆኖ ይቀጥላል።

አከራዩ ሲለወጥ

የመንግሥት ቤት ተከራይ የፌዴራሉን የቤት ኪራይ ድጎማ አያገኝም። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በሚያስተዳድረው የማኅበረሰብ ቤት የሚኖር፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ተከራይ ግን ያገኛል፤ ድርጅቱም ኪራዩን ሲያሰላ ድጎማውን ይጨምርበታል። እናም ያው ሰው ከመንግሥት ቤት ወደ ማኅበረሰብ ቤት ሲዛወር ካንብራ በሴንተርሊንክ በኩል ተጨማሪ ገንዘብ ለቤቱ ታወጣለች፤ የክፍለ አገሩ ሸክምም ይቀልላል። መንግሥታት የማኅበረሰብ ቤቶችን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በግልጽ ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም።

ብዙዎችን የሚያሳስበው ከፈረሰ በኋላ የመመለስ ጉዳይ ነው። በነዋሪዎች ስም የቀረበውን የቡድን ክስ የቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ውድቅ አድርጓል። መንግሥት ነዋሪዎች ወደ ሠፈራቸው የመመለስ መብት እንዳላቸው ይገልጻል፤ መብቱ ግን ነዋሪው በዚያን ጊዜም ለማኅበራዊ ቤት ብቁ ሆኖ መገኘቱን ይጠይቃል። ልጆች ሥራ ይዘው የቤተሰቡ ገቢ ሲያድግ፣ ወይም ቤተሰቡ ለሁለት ሲከፈል፣ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። እንዲሁም “አቅምን ያገናዘበ” የሚባለው ቤት ከማኅበራዊ ቤት ጋር አንድ አይደለም፤ ኪራዩ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ይላል እንጂ የግድ በተከራዩ ገቢ ልክ አይሰላም። ስለሆነም ነዋሪዎች የመዛወሪያ ሰነድ ከመፈረማቸው በፊት አከራዩ ማን እንደሆነና ኪራዩ በምን እንደሚሰላ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። አማርኛ አስተርጓሚ ለማግኘት በ131 450 ይደወላል።